የብርጓልና ባለአንድ ወንበሯ ተንሳፋፊ

የብርጓል ፈሪ ናት። የደብረ ማርቆስ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ሰማይ ላይ የምትወጣውን ሴት ፈሪ ካላችሁ እኛን ምን ልትሉን ነው ይላል። ነገሩ ግን እንዲያው ነው። ውሻ ትፈራለች። ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ሲፈጥን የፊቱን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ ጉዳይ ከገጠማት ደረጃውን የምትወጣው ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ትሰፋለች፤ የምትኖረው ከእናቷ ከወይዘሮ እቴናት ጋር ነው። እንዲህ ያለች ሴት ሞተር በሌለው አውሮፕላን ምን ልትሠራ ወጣች ቢባል፣ መርፌዋ ነው የወሰዳት።

መቶ አለቃ ዘመነ ዕድሜያቸውን አውሮፕላን ሲጠግኑና ሲያበሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሌላው ጡረተኛ በግ ያደልባል። እሳቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በደጀን መንገድ ዳር ባለ የሣር ሜዳ ላይ የተንሳፋፊ ክበብ ከፈቱ። ለፈቃዱ ብቻ ሦስት ዓመት ደጅ ጠንተዋል። ተንሳፋፊ የሚሉት ሞተር የሌለው፣ ክንፈ ረጅም አውሮፕላን ነው። ሜዳው ጫፍ ላይ ያለ ሞተር ገመዱን እየጠቀለለ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ገመዱ ሲለቀው ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ላይ እንደ ጭልፊት ያንዣብባል።

ክበቡ ሁለት ተንሳፋፊ አለው። አንዷ ማሠልጠኛ ናት፤ ተማሪ ከፊት፣ አስተማሪ ከኋላ ይቀመጡባታል። ክንፏ በጨርቅ የተሸፈነና ዕድሜዋ የገፋ ስለሆነ «አሮጊቷ» ይሏታል። ሁለተኛዋ ነጭ፣ ቀጭን፣ ባለአንድ ወንበር ናት፤ ስሟን «ሙሽሪት» አሏት።

የአሮጊቷ ክንፍ በተቀደደ ጊዜ መቶ አለቃ እጀ ልባም ሰፊ አፈላለጉና የብርጓልን አገኙ። ሦስት ቀን ተንበርክካ ሰፋችላቸው። ስትጨርስ ግን ሂሳቧን ከመስጠታቸው በፊት አንድ ነገር አሏት፤ የሰፋ ሰው በሰፋው ላይ ይቀመጥበታል፣ እኔ ስፌት የማምነው ያን ጊዜ ነው አሏት። ሽማግሌ ያለውን እምቢ ማለት አልሆነላትም። ዓይኗን ጨፍና ወጣች፤ ላይ ስትደርስ ገለጠችው። ስትወርድ አለቀሰች። ከፍርሃት ይሁን ከደስታ እስከ ዛሬም አልለየችውም። በሳምንቱ ግን ሱቋን ዘግታ ተመልሳ መጣች።

እንዲህ እያለች ሦስት ዓመት በአሮጊቷ በረረች። መቶ አለቃ ከኋላዋ ተቀምጠው ብዙ አይናገሩም። ስትሳሳት በጣታቸው ያለውን የብር ቀለበት በመሃላቸው ባለው እንጨት ላይ ቋ ያደርጉታል፤ እሷም ወዲያው ታርማለች። ሁለት ጊዜ ስትሳሳት ሁለቴ ቋ ይላል። በመጨረሻ አሮጊቷን ብቻዋን እንድታበር ቢፈቅዱላትም፣ የመቀመጫቸው ትራስ ከኋላዋ እንዳለ ነበርና ልቧ ብቻዬን ነኝ አላላትም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ያለ ይመስላት ነበር።

መቶ አለቃ አንዲት የማትሻር ሕግ አለቻቸው። ማንም ከመብረሩ በፊት «በልተሻል?» «በልተሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። የራበው ሰው ከፍታ ላይ ሐሳቡ ይዘገያል፣ እጁም ይዝላል ባይ ናቸው። አልበላሁም ያለ ወደ ቤቱ ነው። በጾም ወራት እንኳ የሚበር ሰው ከነፍስ አባቱ ፈቃድ ተቀብሎ በጠዋት ይቅመስ፣ ያለዚያ መሬት ላይ ይቆይ ይላሉ።

አሁን ወደ ሙሽሪት እንሂድ። ከአሮጊቷ ወደ ሙሽሪት መሻገር እንደ ሌላው ትምህርት አይደለም። በባለአንድ ወንበር ማንም አብሮ ወጥቶ አያሳይም፤ የመጀመሪያው በረራም ፈተናውም አንድ ነው። ስለዚህ መቶ አለቃ የብርጓልን ሙሽሪት ውስጥ አስቀምጠው፣ ዓይኗን በሻሿ አስረው፣ መሬት ላይ ለሰዓታት ያለማምዷት ነበር። የአየር ፍሬኑ የቱ ነው? ገመዱን መልቀቂያው? አፍንጫዋን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው ዘንግ? እጇ ሁሉንም ያገኛል። አንድ ቀን እንደታሰረች ከኋላዋ ምን እንዳለ ጠየቀቻቸው። ብረትና ጭራ ብቻ ነው አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቱ አልለቀቃትም።

ሙሽሪት ውስጥ፣ ከመስታወቱ ክዳን ሥር፣ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ከነፓራሹቱ ከስልሳ አምስት ኪሎ ያነሰ ሰው እንዳይበርባት ትከለክላለች። ሙሽሪት የተሠራችው ከፊቷ የተቀመጠው ሰው ክብደት ጭራዋን እንዲመዝንላት ታስባ ነው። ሰውየው ከቀለለ ጭራዋ ይከብዳል፤ አፍንጫዋ ሽቅብ ይላል፤ ፍጥነቷ ይሞታል። ፍጥነት ያጣች ተንሳፋፊ ደግሞ ከድንጋይ አትለይም። አሮጊቷ በዚህ በኩል ታጋሽ ናት፤ ቀላል ሰውም ትሸከማለች።

መቶ አለቃ የብርጓልን የመዘኗት በቅበላ እሑድ ነው፤ ከወፍጮ ቤት በተዋሱት የእህል ሚዛን። አገሩ በሙሉ ጾም ሊገባ ነው ብሎ ሥጋውንም ቅቤውንም በሚጠግብበት ቀን ማለት ነው። ከነፓራሹቷ ስልሳ ሰባት ሆነች። «ሁለት ኪሎ ተርፎሻል» ብለው ሳቁና በቀይ እስክሪብቶ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። በማግስቱ ሊያወጧት ነበር፤ የገመድ መጠቅለያው ሞተር ተሰበረ። ሞተሩን ከአሮጌ አይሱዙ ነቅሎ የሠራው መካኒኩ አንለይ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ አንለይም ፈትቶ እስኪገጥመው ሰባት ሳምንት ሄደ።

ሰባት ሳምንት ለፈሪ ሰው ረጅም ነው። የብርጓል መቀስ ስታነሳ ሙሽሪት ትመጣባታለች፤ ቁልፍ ስትተክል ከኋላዋ ያለው ባዶ ይሰማታል። ተዪው እንዳትባል ለማንም አልተናገረችም። ይልቅ በልቧ ተሳለች፤ ይህን ዐቢይ ጾም ከሰው ሁሉ አጥብቄ ልጹም፣ አንተም ጌታዬ በሰላም አውርደኝ አለች። ሌላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም እሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጾመች። ሌላው በሽሮና በተልባ ሲፈታ እሷ በአንድ እፍኝ ቆሎና በውሃ ፈታች፤ ቅዳሜና እሑድ እንኳ አልቀራትም። ፍርሃቱ በባሰባት ቁጥር ቆሎውን ቀነሰችው። ጾምን ማውራት ደግሞ ነውር ነው፤ ያወሩት ጾም ዋጋው ይጠፋል ይባላል። ስለዚህ የነፍስ አባቷም አላወቁም። እናቷ ፊትሽ ሞገገ ሲሏት የፋሲካ ልብስ ሥራ በዝቶብኝ ነው ትላለች። በሰባተኛው ሳምንት የምትበርበት ሱሪ ከወገቧ አልይዝ አላት። የሰው ወገብ በዓይኗ የምትለካ ሴት፣ ሱሪውን ሁለት ጣት አጠበበችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቀኑ ደረሰ፤ ከሆሣዕና በፊት ያለው ዓርብ። ከዚያ በኋላ ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ማንም አይበርም። ሞተሩ የተጠገነው ሐሙስ ማታ ነበር። ከቀትር በፊት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የጮቄ ተራራ ከሩቅ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። መቶ አለቃ ተንሳፋፊዎቹ ወደሚያድሩበት መጋዘን ሊመዝኗት ሄዱ፤ ሚዛኑ የለም። አንለይ ለወፍጮ ቤቱ መልሶታል። ደብተራቸውን ገልጠው በቀይ የተጻፈውን ስልሳ ሰባት አዩና ዘጉት። እሳቸውም ጾመኛ ናቸው፤ ቀበቷቸው ላይ በዚያው ሰሞን አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስተዋል። የራሱን ክሳት እያየ የሌላውን አለማሰብ፤ የሰው ነገር እንዲህ ነው።

«በልተሻል?» አሏት።

«በልቻለሁ» አለች።

ውሸቷን ነበር። ከትናንት ማታ ወዲህ በአፏ የገባ ነገር የለም። እንዲያውም የዛሬውን ጾም ከሁሉ አብልጣ ተማምናበት ነበር። ክዳኑ ሲዘጋባት እግሯን መርገጫው ላይ አጥብቃ ጫነች። አንለይ ሞተሩን አስነሳ። ገመዱ ተወጠረ።

ሙሽሪት እንደ አሮጊቷ ተንደርድራ አልተነሳችም፤ ዘለለች። ሣሩ ከሥሯ ጠፋ፤ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተተከለ። የብርጓል ከሰማይ በቀር የምታየው አጣች። ዘንጉን ወደ ፊት ገፋች፤ አፍንጫው ትንሽ ብቻ ወረደ። ጨምራ ገፋች። ክንዷ እስኪዘረጋ ገፍታው እንኳ ሙሽሪት አሁንም ሽቅብ ታያለች። እየቆየ ይስተካከል ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ አልተስተካከለም። ሁለት መቶ ሜትር ላይ ገመዱን ለቀቀች፤ ሲለቃት አፍንጫዋ እንደገና ተነሳ። ያን ጊዜ ነፋሱ ዝም አለ።

መቶ አለቃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስተማሯት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ተንሳፋፊ ስትጮህ አትፍሪ፣ ዝም ስትል ፍሪ። በክንፏ ላይ የሚያፏጨው ነፋስ ጸጥ ካለ ፍጥነቷ አልቋል፤ ልትወድቅ ነው። የብርጓል በዚያ ዝምታ ውስጥ ቀለበቱን ጠበቀች። ጊዜው አንድ እስትንፋስ ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ጠበቀች። ቋ የሚል የለም። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ደረሰባት። ሞቴ ይህ ነው አለች በልቧ፤ እናቷ የፋሲካ ቀሚስ ሳይለብሱ እንዳሉ ትዝ አላት፤ ቀሚሱ ሱቅ ውስጥ ጠርዙ ሳይታጠፍ ቀርቷል።

በሁለት እጇ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ገፋችው። ሙሽሪት ተንቀጠቀጠች፤ ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አፍንጫዋን ደፋች። ነፋሱ መጮህ ጀመረ። የብርጓልም ከራሷ ጩኸት ጋር አብራ ሰማችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስታወራ ራሷም ትገረማለች። እጇ ወደ ወገቧ ሄደ፤ ጣቷ የጠበበውን የሱሪ ስፌት ነካ። ሁለት ጣት። ሁለት ጣት ወገብ ስንት ኪሎ እንደሚያህል ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት ሲከሱ ቀሚሳቸውን የምታጠብ እሷ ናት። ሰሌዳዋ ከዓይኗ ፊት ነበረች። ስልሳ አምስት። አፍንጫው የቀለለው እሷ ስለቀለለች ነው። በሰላም ያወርደኛል ያለችው ጾሟ ነበር ወደ ሞት ይዟት የወጣው። ይህን ስታውቅ ከቅድሙ ይልቅ ፈራች፤ አሁን ፍርሃቷ ስም አለው።

የምታወልቀው ክብደት ቢሆን ትጥለው ነበር፤ የምትጨምረው ከየት ይመጣል? የትከሻዋን ቀበቶ አላላችና በስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ እንደምትሰፋው ደረቷን ወደ ፊት ሰጠች። ትንሽም ቢሆን ረዳት። ፍጥነቷን ሳትቀንስ፣ ዘንጉን ሳትመልስ፣ ሰፋ አድርጋ ዞረች። የከተማው ቆርቆሮ ጣራ ከክንፏ ሥር ያልፋል፤ አንዲት ባጃጅ አስፋልቱ ላይ ትሄዳለች። ባጃጇ ውስጥ ባለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በጣም ቀናችበት። እመቤቴ እመቤቴ ከማለት ሌላ ጸሎት አልመጣላትም።

በፍጥነት ወረደች። ሜዳውን ነካች፣ ነጠረች፣ እንደገና ነካች፤ ሣሩን ጨርሳ የታጨደ የስንዴ ማሳ ውስጥ ገባች፤ ከማሳው ዳር ካለው ቦይ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ክንፏ በቀስታ ጋደል አለ። የብርጓል ክዳኑን መክፈት አልቻለችም፤ ጣቶቿ ከዘንጉ አልላቀቅ አሉ።

መቶ አለቃ ዘመነ ሲሮጡ ያየ ሰው የለም፤ ያን ቀን ሮጡ። ክዳኑን ከፍተው ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁላት። የሙሽሪት አፍንጫ ቀለለ አለቻቸው። ፊቷን አዩ፤ ሱሪዋን አዩ፤ ሌላ ሳይጠይቁ ከነፓራሹቷ በአንለይ ሞተር ሳይክል ወፍጮ ቤት ወሰዷት። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ የወፍጮው ሰዎች ሳቁ። ስልሳ። መቶ አለቃ የእህል ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።

«በልተሻል ብዬሽ ነበር» አሉ።

«ዋሽቼዎታለሁ።»

ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው ያንን ቀይ ስልሳ ሰባት አሳዩዋት፤ ይህ የአንቺ ውሸት አይደለም፣ የእኔ ነው አሏት። ሚዛን ጠፋ ብዬ በቅበላ ሆድ ጾመኛ አወጣሁ ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ክበቡንም እስከ ዳግም ትንሣኤ ዘጉት።

የብርጓል ለነፍስ አባቷ ለአባ ዘመንፈስቅዱስ ሁሉንም ነገረች። ስእለቷን ሲሰሙ ያደንቁኛል ብላ በልቧ ጥግ ሳትጠብቅ አልቀረችም። አባ ግን ተቆጡ።

«ልጄ፣ ፍርሃትሽን ለእግዚአብሔር ነግረሽ ከሰው ደበቅሽው» አሏት። «እሱ የሚጠይቅሽ ሰው ልኮልሽ ነበር። አንቺ ሰውየውን ዋሸሽው።»

ቀኖናዋም ቀላል ነበር፤ እስከ ፋሲካ በዘጠኝ ሰዓት ከእናቷ ጋር ከአንድ ትሪ እንድትበላ፣ ወይዘሮ እቴናት በቃ ሳይሉ እጇን እንዳትሰበስብ። ስቅለት ብቻ ሲቀር ፈጸመችው። እናቷ እስከ ዛሬ ቀኖና መሆኑን አያውቁም፤ ለሳቸው የተሰጠ በረከት ነው የመሰላቸው።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ክበቡ ተከፈተ። አንለይ ከሙሽሪት ወንበር ሥር የቀለለን ሰው ክብደት የሚያሟላ የእርሳስ ብረት ቁርጥራጭ የሚያዝበት ሳጥን ሠርቶ በብሎን አስሯል። መቶ አለቃ የራሳቸውን ሚዛን ገዝተው መጋዘኑ በር ላይ አስቀምጠዋል። የብርጓል መጣች። ማንም አላስገደዳት፤ ትቀራለች ብሎ የተወራረደም ነበር። ካልወጣሁ እድሜዬን ሙሉ ያ ዝምታ ጆሮዬ ውስጥ ይኖራል ብላ ነው የመጣችው። ነፋሱ ደህና ነው፤ ገመዱ ሜዳው ላይ ተዘርግቷል። መቶ አለቃ ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«በልተሻል?»

የብርጓል ወደ ሙሽሪት ተመለከተች። በልቻለሁ ማለት ቀላል ነበር፤ አፏ ለምዶታል። አገሩ ሁሉ በሚበላበት በፍስክ ሰሞን ማን ይጠረጥራታል።

«አልበላሁም» አለች።

«ጾሙ ተፈቷል እኮ፤ ምን ያስጾምሻል?»

«ጾም አይደለም። ፈርቼ ነው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል።»

ፈራሁ የሚለውን ቃል በሜዳው ላይ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ወደ ቤትሽ ይሉኛል ብላ ጠበቀች። መቶ አለቃ እስክሪብቶውን ኪሳቸው መለሱ፤ ቀለበታቸውን በአውራ ጣታቸው አዞሩት።

«እኔም አልበላሁም» አሉ። «ከትናንት ጀምሮ።»

አንለይ ከሜዳው ጫፍ ምን ሆናችሁ እያለ ያፏጫል። መቶ አለቃ ከመጋዘኑ በፎጣ የተጠቀለለ የድፎ ዳቦ ግማሽ ይዘው መጡ፤ ሚስታቸው በግድ የሰጧቸው ነው። በሙሽሪት ክንፍ ጥላ ሥር ተቀመጡና ቆርሰው ሰጧት። የመጀመሪያው ጉርሻ አልወርድ ብሏት ብዙ አኘከችው፤ እሳቸውም እንደዚያው። ቀስ በቀስ ዳቦው አለቀ፤ ከነፍርፋሪው።

ከዚያ የብርጓል እጇን በሱሪዋ ጠረገች፣ ፓራሹቷን አነገተች፣ ማንም ሳይጠራት ሄዳ ሚዛኑ ላይ ወጣች።